የልጁ ካር ሲት የት ይቀመጥ? ፊቱስ ወዴት ይዙር?

ካር ሲት፣ ማለትም ልጅ መኪና ውስጥ የሚታሰርበት መቀመጫ፣ ለጨቅላ የሚታሰረው ፊቱን ወደ መኪናው ኋላ አዙሮ ነው። ልጅ አንድ ዓመት ሲሞላው ግን በየቤቱ የሚነሳ ጥያቄ አለ። «አሁንማ አድጓል፤ ካር ሲቱን ወደ ፊት እናዙርለት?» ልጁ መራመድ ጀምሯል። እግሩ የመኪናውን መደገፊያ ይረግጣል። ያለቅሳል፤ የእናቱን ፊት ማየት ይፈልጋል። አያትም «ኧረ ይሄ ልጅ ታፈነ» ይላሉ። ከዚያ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ካር ሲቱ ይፈታና ወደ ፊት ዞሮ ይታሰራል።

በቅንነት የሚደረግ ነገር ነው። ግን ጥያቄው ከመነሻው የተገለበጠ ነው። ወደ ፊት መዞር ልጁ ስላደገ ያገኘው ሽልማት ተደርጎ ይታያል። ከደህንነት አንፃር ካየነው ግን ልጁ የሚያጣው ነገር ነው። ከኋላ ወደ ፊት ሲዞር ጥበቃው ይቀንሳል። ከካር ሲት ወጥቶ ከፍ ማድረጊያ ወንበር ላይ ሲቀመጥ ደግሞ እንደገና ይቀንሳል። ስለዚህ ወላጅ ራሱን መጠየቅ ያለበት «ሳላዞረው እስከ መቼ መቆየት እችላለሁ?» ብሎ ነው።

ምክንያቱ ያለው ግጭቱ ውስጥ ነው። ከባድ ጉዳት የሚያደርሱ ግጭቶች በአብዛኛው ከፊት የሚመጡ ናቸው። መኪናው በድንገት ይቆማል። ውስጡ ያለው ሰው ግን በነበረበት ፍጥነት ወደ ፊት ይቀጥላል። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር እየሄደ ግድግዳ የገጨ መኪና ውስጥ ያልታሰረ ሰው ላይ የሚደርሰው ምት ከ10 ሜትር ገደማ እንደ መውደቅ ነው። ከኮንዶሚኒየም 3ኛ ፎቅ ማለት ነው። 50 ኪሎ ሜትር ደግሞ ቀለበት መንገድ ላይ ማንም ፍጥነት ብሎ አይቆጥረውም።

ወደ ፊት የዞረ ልጅ በግጭት ጊዜ ትከሻውና ዳሌው በማሰሪያው ይያዛል። ጭንቅላቱን የሚይዘው ግን አንገቱ ብቻ ነው። የሕፃን ጭንቅላት ከአካሉ ጋር ሲነፃፀር ከአዋቂ ይልቅ በጣም ከባድ ነው። የአንገቱ አጥንቶች ገና አልጠነከሩም፤ ጅማቶቹም በቀላሉ ይለጠጣሉ። አንገቱ ከልክ በላይ ከተሳበ ውስጡ ያለው ኅብለ ሰረሰር ይጎዳል። ይህ ጉዳት ደግሞ መዳኛ የለውም።

ፊቱን ወደ ኋላ አድርጎ የተቀመጠ ልጅ ላይ የሚሆነው ሌላ ነው። ጀርባው፣ አንገቱና ጭንቅላቱ አንድ ላይ ወደ ካር ሲቱ መደገፊያ ይገፋሉ። ኃይሉ በሰፊው ጀርባው ላይ ይከፋፈላል። ጭንቅላቱ ብቻውን አይወረወርም። «ከኋላ ቢገጩንስ?» የሚል ሰው አይጠፋም። ተገቢ ጥያቄ ነው። ከኋላ የሚመጣ ግጭት ግን ብዙውን ጊዜ ቀለል ይላል፤ ሁለቱም መኪኖች ወደ አንድ አቅጣጫ እየሄዱ ወይም አንዱ ቆሞ ሌላው እየቀነሰ ነው የሚገናኙት።

ይህን ነገር ቀድማ የያዘችው ስዊድን ናት። በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. በርቲል አልድማን የተባለ ስዊድናዊ ሐኪምና ተመራማሪ ፊቱን ወደ ኋላ ያዞረ የልጅ መቀመጫ ሠራ። ሐሳቡን የወሰደው የጠፈር ተጓዦች ኃይሉን በጀርባቸው እንዲቀበሉ ተደርጎ ከተሠራላቸው ወንበር ነው። ስቶክሆልም ወይም ጎተንበርግ ያላችሁ ዘመዶች ካሉ ጠይቋቸው፤ እዚያ ልጅ እስከ 4 ዓመቱ ገደማ ፊቱን ወደ ኋላ አድርጎ መጓዙ የተለመደ ነው። ማንም «ታፈነ» አይልም።

የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚም ቀስ በቀስ ወደዚሁ መጥቷል። በ2011 እ.ኤ.አ. «ቢያንስ እስከ 2 ዓመት» አለ። በ2018 ደግሞ ዕድሜውን ጭራሽ አወጣው። አሁን የሚለው ካር ሲቱ ፊቱን ወደ ኋላ ለሚቀመጥ ልጅ የሚፈቅደው ክብደት ወይም ቁመት እስኪሞላ ድረስ እንዳይዞር ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በግልጽ መነገር አለበት። ወላጆች እርስ በርስ የሚላላኳቸው አንዳንድ «ይህን ያህል እጥፍ ይበልጣል» የሚሉ ቁጥሮች በ2007 እ.ኤ.አ. ከታተመ አንድ ጥናት የመጡ ናቸው። በኋላ ተመራማሪዎች መረጃውን እንደገና ሲያሰሉት ያ ውጤት አልወጣም፤ ጽሑፉም ተሰርዟል። በሁለቱም አቅጣጫ በትክክል ከታሰሩት ልጆች መካከል የተጎዱት ጥቂት ስለነበሩ እርግጠኛ ቁጥር ለመስጠት አላስቻለም። ምክሩ ግን በዚያ ጥናት ብቻ የቆመ አልነበረም። የግጭት ሙከራዎቹ፣ ስለ ሕፃን አንገት የሚታወቀው ነገርና የስዊድን የብዙ ዓመት ልምድ አሁንም አሉ። ስለዚህ የተጋነነውን ቁጥር እንተወው፤ ልጁን ግን አናዙረው።

ሕጉ ከዚህ ምክር በኋላ ቀስ እያለ ነው የሚከተለው። ብዙ ወገኖቻችን በሚኖሩባቸው በቨርጂኒያ ከ2019፣ በሜሪላንድ ደግሞ ከ2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ልጅ በመሠረቱ እስከ 2 ዓመቱ ፊቱን ወደ ኋላ አድርጎ መቀመጥ አለበት። በአውሮፓ በአዲሱ አይ-ሳይዝ ደንብ የተሠሩ መቀመጫዎች እስከ 15 ወር ድረስ ወደ ፊት እንዲዞሩ አይፈቀድም። በተባበሩት አረብ ኤምሬቶች ከ2017 ጀምሮ እስከ 4 ዓመት ያለ ልጅ ያለ ካር ሲት መጓዝ አይችልም። እዚያ ሕፃን የሚይዙ እህቶቻችን ብዙ ናቸው። ማሰሪያውን በየቀኑ የሚዘጉት እነሱ ስለሆኑ ይህን ጉዳይ ከአሠሪዎቻቸው እኩል ሊያውቁት ይገባል። ታዲያ ሕግ የሚነግረን የመጨረሻውን ዝቅተኛ ልክ ነው። ልጁ 2 ዓመት የሞላው ዕለት አንገቱ አልተለወጠም።

ግን እኮ እግሩ ታጠፈ፤ ቦታም ጠበበው? ልጆች እግራቸውን አጥፈው ወይም አነባብረው መቀመጥ አይከብዳቸውም። ምንጣፍ ላይ ሲጫወቱ እዩአቸው። ልጁ ለካር ሲቱ ማደጉን የሚነግረን እግሩ ሳይሆን ጭንቅላቱ ነው። ለአብዛኞቹ ካር ሲቶች የጭንቅላቱ አናት ከመደገፊያው ጫፍ ቢያንስ 2.5 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ማለት አለበት። ክብደቱም አለ። ብዙ ካር ሲቶች በዚህ አቅጣጫ እስከ 18 ኪሎ ይይዛሉ፤ ከ22 ኪሎ በላይ የሚይዙም አሉ። የሁለት ዓመት ልጅ 12 ኪሎ ገደማ ነው። ስለዚህ አብዛኛው ልጅ ገና ብዙ ይቀረዋል። ብዙዎች የሚደናገሩት እጀታ ያላት፣ ከመኪናው ተነቅላ የምትወጣዋ የጨቅላ መቀመጫ ስትጠብ ነው። እሷ ጠበበች ማለት መዞሪያው ደረሰ ማለት አይደለም። በሁለቱም አቅጣጫ የሚሠራውን ትልቁን ካር ሲት ገዝቶ እሱንም ወደ ኋላ አዙሮ ማሰር ነው።

አሁን ወደ ቦታው እንምጣ። ከኋላ ወንበር መሆኑ አያከራክርም። ግን መሐል ነው ወይስ ጎን?

በ2008 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት ከኋላ ወንበር መሐል የተቀመጡ እስከ 3 ዓመት ያሉ ልጆች ጎን ላይ ከተቀመጡት በ43 በመቶ ያነሰ የመጎዳት ዕድል እንዳላቸው አሳይቷል። ምክንያቱም ግልጽ ነው። መሐል የተቀመጠ ልጅ ከየትኛውም በር ይርቃል። ከጎን የሚመጣ መኪና እሱ ጋ እስኪደርስ ክፍተት አለው።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ያቆምና «በቃ መሐል ነው» ይላል። እኔ በዚህ አልስማማም። የጥናቱ ቁጥር የብዙ ልጆች አማካይ ነው፤ የእናንተ ልጅ የሚቀመጠው ግን በእናንተ መኪና ውስጥ ነው። የብዙ ትናንሽ መኪኖች መሐል ጠባብ ነው፤ አንዳንዱ ወደ ላይ ጎበጥ ያለ ነው። በቆዩ ሞዴሎች መሐሉ ላይ ያለው ቀበቶ ወገብ ብቻ የሚይዝ ሊሆን ይችላል። አይሶፊክስ የሚባሉት፣ ካር ሲቱ ያለ ቀበቶ የሚያያዝባቸው የመኪናው ብረቶች፣ በአብዛኛው ያሉት በሁለቱ ጎኖች ብቻ ነው። የመኪናው ማንዋል ካልፈቀደ ከግራውና ከቀኙ አንድ አንድ ብረት ተበድሮ መሐል ላይ ማሰር አይቻልም። መሐል ላይ የሚወዛወዝ ካር ሲት ጎን ላይ ጥርቅም ብሎ ከታሰረው አይሻልም።

ስለዚህ መጀመሪያ መሐሉን ሞክሩ። ጉልበታችሁን ካር ሲቱ ላይ አድርጋችሁ ጫን እያላችሁ ቀበቶውን አጥብቁ። ከዚያ አንድ እጃችሁን ቀበቶው በካር ሲቱ ውስጥ በሚያልፍበት ቀዳዳ አጠገብ አድርጉና ወደ ግራና ቀኝ ነቅንቁት። ከ2.5 ሳንቲ ሜትር በላይ መሄድ የለበትም። ሌላ ቦታ ላይ ይዛችሁ አትፈትሹ። ፊቱን ወደ ኋላ ያዞረ ካር ሲት ከአናቱ በኩል ቢነቀነቅ ጤነኛ ነው፤ የሚለካው ቀበቶው ባለበት ነው። ሁለት ሦስት ጊዜ ሞክራችሁ መሐሉ እምቢ ካለ ወደ ጎን ውሰዱት። ጥሩ ውሳኔ ነው፤ ቅር አይበላችሁ።

ከጎን ደግሞ እኔ የምመርጠው ቀኙን ነው። አዲስ አበባም ዋሽንግተንም የሚነዳው በመንገዱ ቀኝ ነው። መኪናው ጥግ ይዞ ሲቆም የቀኙ በር የሚከፈተው ወደ እግረኛ መንገዱ ነው። ልጅ ታቅፎ፣ ቦርሳ አንጠልጥሎ፣ ጀርባን ለሚያልፍ አውቶቡስ ሰጥቶ ከመታገል ይገላግላል። ሾፌሩም ረጅም ከሆነ ወንበሩን ወደ ኋላ ለመግፋት ነፃ ይሆናል። ሁለት ልጅ ካለ መሐሉን ለማን እንስጥ የሚለው ያከራክራል። ታናሹ ፊቱን ወደ ኋላ ካደረገና ታላቁ ወደ ፊት ከዞረ፣ ታናሹ ቀድሞውኑ የተሻለ ጥበቃ ስላለው መሐሉን ለታላቁ መስጠት ያስኬዳል። ለዚህም ቢሆን ሁለቱም ጠብቀው መታሰራቸው ይቅደም።

ጥርቅም ብሎ መታሰር ስል ቀላል ነገር አድርጌው አይደለም። የአሜሪካ የመንገድ ትራፊክ ደህንነት መሥሪያ ቤት ባደረገው ጥናት ከካር ሲቶች 46 በመቶው በስህተት ነው የሚሠራባቸው። ይህ መመሪያው በራሳቸው ቋንቋ የተጻፈላቸውን ሰዎች ጭምር ነው። አሜሪካ ያላችሁ አንድ ዕድል አላችሁ። የሠለጠኑ የካር ሲት ቴክኒሻኖች በነፃ አይተው ያስተካክሉላችኋል። በአንዳንድ የእሳት አደጋ ጣቢያዎችና ሆስፒታሎች ይገኛሉ፤ ሴፍ ኪድስ የተባለው ድርጅትም የፍተሻ ቀን ያዘጋጃል። ሄዳችሁ አሳዩ። ሲያስሩ ዝም ብላችሁ አትዩ፤ ራሳችሁ እሰሩና እነሱ ያርሟችሁ።

አዲስ አበባ ላይ ደግሞ ሌላ ነገር አለ። ካር ሲቱ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከአሜሪካ በዘመድ ሻንጣ ነው። መኪናው ግን የአሜሪካ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ ከ1996 ሞዴል ወዲህ የተሳፋሪ ቀበቶ እስከ መጨረሻው ከተሳበ በኋላ ሲመለስ «ቀጭ ቀጭ» እያለ ይቆለፋል። የአሜሪካ ካር ሲቶች መመሪያ ይህን ታሳቢ ያደርጋል። ለሌላ ገበያ የተሠሩ ብዙ መኪኖች ቀበቶ ግን በድንገት ሲሳብ ብቻ ነው የሚይዘው። በቀስታ ከሳባችሁት ይላላል። ያሰራችሁት ካር ሲት ዛሬ ጠብቆ ሳምንት ላይ ልል ሆኖ የምታገኙት ለዚህ ሊሆን ይችላል። ፍተሻው ቀላል ነው፤ ቀበቶውን እስከ ጫፉ ሳቡትና ቀስ ብላችሁ ልቀቁት። ካልተቆለፈ ካር ሲቱ የራሱ የቀበቶ መቆለፊያ እንዳለው እዩ። እሱም ከሌለ የአይሶፊክስ ብረቶቹን ተጠቀሙ። በ2024 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖችን ማስገባት ከተከለከለ ወዲህ ከተማውን የሞሉት የኤሌክትሪክ መኪኖች አብዛኞቹ እነዚህ ብረቶች አሏቸው። መደገፊያውና መቀመጫው በሚገናኙበት ስንጥቅ እጃችሁን ብትሰዱ ታገኟቸዋላችሁ። የአሜሪካው ካር ሲት መንጠቆም ይይዛቸዋል። ቀበቶውንና መንጠቆውን አንድ ላይ ግን አትጠቀሙ፤ መመሪያው ካልፈቀደ አንዱን ምረጡ።

አንድ ነገር ልጨምር። ካር ሲቱ ጎን ላይ ምን ያህል መጋደም እንዳለበት የሚያሳይ መስመር አለው። ያ መስመር የሚሠራው መኪናው ሜዳ ላይ ሲቆም ነው። አዲስ አበባ ዳገትና ቁልቁለት ነው። ሽሮ ሜዳ ዳገቱ ላይ ቆሞ የተስተካከለ ካር ሲት ሜዳው ላይ ሲወርድ ሌላ ነው።

ጋቢና ለሕፃን ቦታ አይደለም። ፊቱን ወደ ኋላ ያዞረ ካር ሲት የሚሠራ ኤርባግ ያለበት ጋቢና ላይ በፍፁም አይታሰርም። ኤርባግ የሚፈነዳው በሰዓት እስከ 300 ኪሎ ሜትር በሚደርስ ፍጥነት ነው። የሚመታውም የካር ሲቱን ጀርባ ነው፤ የልጁ ጭንቅላት ያረፈበትን ቦታ። የኋላ ወንበር በሌለው ፒክአፕ ግድ ከሆነ ኤርባጉ መጥፋቱ መረጋገጥ አለበት።

ከዚህ የከፋው ግን ጋቢና ላይ እናት ጭን ላይ የሚቀመጠው ልጅ ነው። «አቅፌዋለሁ» የሚለውን የእናት ልብ አውቀዋለሁ። ግን ስሌቱ ጨካኝ ነው። በ50 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ሲጋጩ 10 ኪሎ የሚመዝን ልጅ ለመያዝ 200 ኪሎ ያህል የሚሸከም ክንድ ያስፈልጋል። ቀበቶውን ለሁለት ማሰርም መፍትሔ አይደለም። የእናት ክብደት ልጁን ከቀበቶው ጋር ያጣብቀዋል።

ልጁን ካር ሲቱ ላይ ስታስሩ ፊቱ ወደ ኋላ ከሆነ የትከሻ ማሰሪያው የሚወጣው ከትከሻው ትክክል ወይም ዝቅ ካለ ቀዳዳ ነው። ወደ ፊት ሲዞር ከትከሻው ትክክል ወይም ከፍ ካለ። ትከሻው ላይ ማሰሪያውን በሁለት ጣት ቆንጥጡት። ጨርቁ ከተቆነጠጠላችሁ ልል ነው። በአሜሪካ ካር ሲቶች ደረት ላይ የምትዘጋዋ ማያያዣ በብብት ትክክል ትሁን፤ ሆድ ላይ አትውረድ። ወፍራም ጃኬት አስወልቁት። ጃኬቱ በግጭት ጊዜ ይጨመቅና በልጁና በማሰሪያው መሐል ክፍተት ይተዋል። ብርድ ከሆነ መጀመሪያ እሰሩት፣ ከዚያ ጋቢውን ከላይ ጣል አድርጉበት።

ጊዜው ደርሶ ወደ ፊት ሲዞር ብዙ ሰው የሚረሳው ከላይ የሚታሰረውን ቴዘር የሚባል ገመድ ነው። ከካር ሲቱ አናት ተነስቶ ከወንበሩ ጀርባ ወይም ከሻንጣ ማስቀመጫው ካለ ብረት ጋር ይታሰራል። የልጁ ጭንቅላት ወደ ፊት የሚወረወርበትን ርቀት ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ይቀንሳል። ያቺ ርቀት ጭንቅላቱ የፊተኛውን ወንበር እንዳይመታ ልታደርግ ትችላለች። ገመዱ ተጠቅልሎ ከካር ሲቱ ጀርባ ተንጠልጥሎ የቀረባቸው መኪኖች ብዙ ናቸው። ዛሬ ወርዳችሁ የእናንተን እዩ።

ይህን ሁሉ የሚያነብ ግን ሚኒባስ ታክሲ የሚጠቀም ወላጅ ምን ይበል? ኋላ ቀበቶ የለም፤ ካር ሲት የሚታሰርበትም የለም። እዚያ ጥፋቱን ወላጅ ላይ መጫን ግፍ ነው። የሚቻለው ጥቂት ነው፤ ልጅ ይዞ ጋቢና አለመግባት፣ በር አጠገብ አለመቀመጥ፣ ረዳቱ ትርፍ ሰው ሲጭን እምቢ ማለት። በስልክ የሚጠራ ታክሲ ለሚጠቀም ቤተሰብ ግን አማራጭ አለ። የሚታጠፉ ወይም ቀለል ያሉ ካር ሲቶች አሉ፤ በቀበቶ በደቂቃዎች ይታሰራሉ። ሾፌሩን «ሁለት ደቂቃ ታገሠን ወንድሜ» ማለት ነውር የለውም። መኪናው ኋላ የሚሠራ ቀበቶ እንዳለው ከመነሳታችሁ በፊት ደውላችሁ ጠይቁ። ቀበቶውን ከወንበሩ ሥር የሚቀብሩ ሾፌሮች ብዙ ስለሆኑ እንዲያወጡት ንገሯቸው።

የመጨረሻው ስለ ተጠቀሙበት ካር ሲት ነው፤ በእኛ ዘንድ ከልጅ ወደ ልጅ፣ ከእህት ወደ እህት መሸጋገሩ የተለመደ ነው። ታሪኩን የምታውቁት ከሆነ ችግር የለውም። ከሥር ወይም ከጀርባው የተሠራበት ቀን ተጽፏል፤ ብዙዎቹ ከ6 እስከ 10 ዓመት ነው ዕድሜያቸው። ከማታውቁት ሰው ሲሆን ግን ግጭት ውስጥ ገብቶ እንደሆነ የምታረጋግጡበት መንገድ የለም። ፕላስቲኩ ከውጭ ደህና መስሎ ውስጡ ሊሰነጠቅ ይችላል። የእናንተው መኪና ከተጋጨም እንዲሁ ነው። መኪናው ራሱ እየተነዳ ከሄደ፣ ካር ሲቱ አጠገብ ያለው በር ካልተጎዳ፣ ማንም ካልቆሰለ፣ ኤርባግ ካልፈነዳ፣ ካር ሲቱም ላይ የሚታይ ጉዳት ከሌለ ግጭቱ ቀላል ነው ተብሎ ይወሰዳል። ከአምስቱ አንዱ እንኳ ከጎደለ ቀይሩት። አሜሪካ ያላችሁ ለኢንሹራንሳችሁ ንገሩ፤ ብዙ ጊዜ የአዲሱን ዋጋ ይከፍላሉ። አሮጌውን ስትጥሉት ማሰሪያዎቹን በመቀስ ቆራርጧቸው፤ ሌላ ሰው ከቆሻሻ ላይ አንስቶ ልጁን እንዳያስቀምጥበት።